የእጅ ባትሪና መስተዋቱ፤ የብርሃን ምንጭ ባደገ ቁጥር ስለሚለወጠው የመስተዋትና የሌንስ ምርጫ

መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚያመራው መንገድ ላይ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ጉንደ ወይን ትገኛለች። የወረዳው ምድር በሰሜን እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃል። እንዲህ ባለ አገር ፀሐይ በመጥለቋ ሥራ አይቆምም። ካህኑ ለማኅሌት በሌሊት ይነሣል፤ ገበሬው አውድማውን ይጠብቃል፤ ከብት የጠፋበት ሰው ገደላ ገደሉን ይቃኛል፤ ምጥ የያዛት እናት በጨለማ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። ለእነዚህ ሁሉ የሚያገለግለው መሣሪያ በተለምዶ «ባትሪ» የምንለው የእጅ መብራት ነው።

ስሙ ራሱ አንድ ነገር ያመለክታል። ሕዝባችን መሣሪያውን የሰየመው በውስጡ ባለው የኃይል ምንጭ ነው። ገዢው ስለ ድንጋዩ ብርታት፣ ሻጩም ስለ አምፖሉ ድምቀት አብዝተው ይነጋገራሉ፤ ከአምፖሉ ዙሪያ ስላለው መስተዋት ወይም ከፊቱ ስለ ተደቀነው ሌንስ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በዘመናችን በኤል.ኢ.ዲ. የሚሠሩ መብራቶች የብርሃን ምንጫቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ በመሄዱ፣ ይህ ዝምታ ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የማይጠቅመውን ዕቃ እንዲሸከም እያደረገ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የብርሃን ምንጭና መስተዋቱ ሁልጊዜ እንደ ጥማድ በሬዎች ተመጣጥነው መሄድ እንዳለባቸው ከታሪክ ማስረጃ በማቅረብ፣ ከዚያም ለሙያ ባልደረቦቻችን ለምርጫ የሚረዱ ነጥቦችን ማመልከት ነው።

1. ያለ መስተዋት የኖረው ብርሃን

ጎጃም የማርና የሰም አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ ማርያምና በመርጡለ ማርያም ካህናቱ ቅዳሴውንና ማኅሌቱን ያደረሱት፣ ተማሪውም በሌሊት መጽሐፉን የገለጠው ከሰም በተሠራ ጧፍ ብርሃን ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ወደ ገጠር ሲገባ ደግሞ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከጠርሙስ የሚሠራው ኩራዝ፣ ከዚያም ባለ ብርጭቆው ፋኖስ ተከተሉ። የፋኖሱ ብርጭቆ ነበልባሉን ከነፋስ ይከላከላል እንጂ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ አይመራም።

እነዚህ መብራቶች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ብርሃናቸውን በዙሪያቸው ሁሉ ይበትናሉ። የአንድ ተራ ሻማ ጠቅላላ ብርሃን 12 ሉመን ያህል ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልከው የብርሃን ኃይል ደግሞ 1 ካንዴላ ገደማ ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ሻማው በ2 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው 0.25 ሉክስ ብቻ ነው። ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ሜዳውን ከምታለብሰው ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጧፍና ኩራዝ በእጅ ያለን መጽሐፍና በዙሪያ የተቀመጠን ቤተሰብ ለማሳየት በቂ ሲሆኑ፣ ከደጅ ውጭ ያለውን ሩቅ ነገር ለማሳየት ግን ከቶ አይችሉም ነበር።

2. ብርሃንን የመሰብሰብ ጥበብ

ብርሃንን በስርጉድ መስተዋት መሰብሰብ የቆየ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ965 እስከ 1040 ገደማ የኖረውና በካይሮ የሠራው ሊቅ ኢብን አል ሐይሠም ስለ ፓራቦላዊ አቃጣይ መስተዋቶች በጻፈው ድርሳኑ፣ ከሩቅ የሚመጡ የፀሐይ ጨረሮች በእንዲህ ያለው መስተዋት ወደ አንዲት ነጥብ እንደሚሰበሰቡ አስረድቷል። መንገዱን ገልብጠን ብንመለከተው ደግሞ፣ በዚያች የትኩረት ነጥብ ላይ የተቀመጠ ብርሃን ከመስተዋቱ ተንጸባርቆ ጎን ለጎን እንደ ተተከሉ ዘንጎች ቀጥ ብሎ ይወጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፍጹም ሆኖ የሚሠራው የብርሃኑ ምንጭ እንደ ነጥብ ትንሽ ሲሆን ነው። እውነተኛ ነበልባል ስፋት አለው፤ ከትኩረቱ ነጥብ ግራና ቀኝ የሚወጣው ብርሃንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ችግሩን በግልጽ የተጋፈጡት የባሕር መብራት ማማ ሠሪዎች ናቸው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው አሚ አርጋን እ.ኤ.አ. በ1780 ባዶ ቱቦ የመሰለ ክር ያለው ኩራዝ ከፈለሰፈ በኋላ ብርሃኑ ደመቀ። ፈረንሳዊው ኦጉስታን ፍሬኔል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1823 በኮርዱዋን ማማ ላይ በክብ ደረጃዎች የተከፋፈለውን ዝነኛ ሌንሱን ተከለ።

ለእኛ ጉዳይ ትምህርት የሚሆነው ሌንሱ ብቻ አይደለም። ፍሬኔልና ባልደረባው አራጎ ብርሃኑን ለመጨመር 4 ክሮች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚነዱበትን ትልቅ ኩራዝ አዘጋጁ። ይህ ነበልባል ሰፊ በመሆኑ የተመደበለት የትኩረት ርቀቱ 920 ሚሊ ሜትር የሆነ የአንደኛ ደረጃ ሌንስ ነበር። ለወደብና ለወንዝ አፍ የሚሆነው የስድስተኛ ደረጃ ሌንስ ግን የትኩረት ርቀቱ 150 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበር ትንሽ ነበልባል ተሰጠው። ሠሪዎቹ ትልቁን ነበልባል በትንሹ ሌንስ ውስጥ አስገብተው ከዚህ የበለጠ ብርሃን አይገኝም አላሉም። ምንጩ ባደገ ቁጥር ሌንሱ አብሮ እንዲያድግ አደረጉ እንጂ። የዛሬው የእጅ ባትሪ ሠሪም የሚገዛበት ሕግ ይኸው ነው።

3. የእጅ ባትሪ መፈጠርና የመስተዋቱ ውለታ

ጀርመናዊው ካርል ጋስነር እ.ኤ.አ. በ1886 ፈሳሹ የማይፈስሰውን ደረቅ ባትሪ ካስመዘገበ በኋላ፣ ኤሌክትሪክን በእጅ ይዞ መሄድ ተቻለ። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1899 ዴቪድ ሚዜል በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቱቦ መሰል መብራት፣ ድንጋዮቹ በተርታ ተደርድረው በጫፉ አምፖልና መስተዋት የተገጠመለት ስለ ነበር፣ የዛሬው የእጅ ባትሪ አባት ሊባል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮችና የካርቦን ክሮች ደካሞች ስለ ነበሩ መብራቱ በቅጽበት ብልጭ ከማለት በቀር ለረጅም ጊዜ አይበራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የተንግስተን ክር ሲስፋፋ ግን የዘወትር መሣሪያ ሆነ።

በአገራችን ኤሌክትሪክ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የሆነው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። ይሁንና መስመሩ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘረጋ የገጠሩ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የኖረው በላምባና በባትሪ ድንጋይ ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪዎች የሚገባው ትንሽ አምፖል በ2.4 ቮልትና በግማሽ አምፔር የሚሠራ ሲሆን፣ ጠቅላላ ብርሃኑ 10 ሉመን ያህል ብቻ ነበር። አንባቢ ይህን ቁጥር ከላይ ከተመለከተው ከሻማው 12 ሉመን ጋር ያነጻጽር። ባትሪው ከሻማ የበለጠ ብርሃን አልነበረውም! ነገር ግን መስተዋቱ ያንኑ ጥቂት ብርሃን ሰብስቦ በመሐል 400 ካንዴላ ቢያደርሰው፣ ሻማው በ2 ሜትር የሚሰጠውን የጨረቃ ያህል ብርሃን ባትሪው በ40 ሜትር ላይ ይሰጣል። ጅብን ከበረት ያራቀው፣ ሌባን ከአውድማ ያስደነገጠውም በአመዛኙ የመስተዋቱ ሥራ ነው።

የድሮ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከአንዳንዶቹ አምፖሎች አንገት ላይ የነበረው ክብ የብረት ክፈፍ፣ ክሩ ሁልጊዜ ከመስተዋቱ የትኩረት ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ተለክቶ የተበየደ ነው። በሌሎቹ ባትሪዎች ራሱን በማዞር መስተዋቱን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ብርሃኑን ማጥበብና ማስፋት ይቻል ነበር። አምፖልና መስተዋት ለየብቻ ሳይሆን በአንድነት ታስበው የተሠሩ ነበሩ።

4. የኤል.ኢ.ዲ. መምጣትና ማደግ

ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ አሳየ። ነጭ ብርሃን ግን ያለ ሰማያዊው ሊገኝ አልቻለም። ይህን የፈቱት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሰማያዊው አብሪ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት በመቀባት የተሠራው ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ቀረበ።

ወደ ገጠር ገበያዎቻችን በብዛት የገባው በመጀመሪያ ክብ ራስ ያለው የ5 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሌንሱን በራሱ ላይ ይዞ የተወለደ ነው፤ አብሪዋ ቅንጣት በፕላስቲኩ ውስጥ ስለ ተቀበረች የፕላስቲኩ ክብ ራስ ራሱ ሌንስ ይሆናል። አንዱ የሚወስደው ኃይል 0.07 ዋት ያህል ብቻ በመሆኑ ሠሪዎች ብዙዎቹን በአንድ ራስ ላይ ደረደሩ። በዚህ ጊዜ ስለ መስተዋት ማሰብ የተረሳ መሰለ።

ነገር ግን አብሪው ማደጉን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር የሆነና 1 ዋት የሚችል አብሪ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የአሜሪካው ክሪ ኩባንያ ያቀረበው ኤክስ.ኤም.-ኤል. የተባለው ዓይነት፣ በ5 ሚሊ ሜትር ማቀፊያ ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አብሪ ገጽ ይዞ በ10 ዋት እስከ 1000 ሉመን ሰጠ። ከዚያም 4 አብሪዎች ጎን ለጎን የሰፈሩባቸው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ማቀፊያዎች መጡ። እነዚህ ከ5 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት በተለየ የራሳቸው አጥባቢ ሌንስ የላቸውም፤ ብርሃናቸውን ወደፊት በግማሽ ክበብ ሁሉ ይረጫሉ። ስለዚህ የመስተዋትና የሌንስ ጥያቄ ከፍሬኔል ዘመን በኋላ እንደገና በእጃችን ገባ።

5. ስፋትና ርቀት

የጨረሩ ስፋት በግምት የሚታወቀው አብሪው ገጽ ለመስተዋቱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ መስተዋት ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አብሪ ቢቀመጥ ዋናው ጨረር 6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ በ50 ሜትር ላይም 5 ሜትር ስፋት ያለው ደማቅ ክብ ያሳርፋል። በዚያው መስተዋት ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ ቢገባ ክቡ 10 ሜትር ይሆናል። ባለ 5 ሚሊ ሜትር አብሪ ቢገባበት ደግሞ ጨረሩ ወደ 28 ዲግሪ ይሰፋና በ50 ሜትር ላይ 25 ሜትር ያህል ሜዳ ይሸፍናል።

ርቀትን የሚወስነው ጠቅላላው ሉመን አይደለም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ከእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር የአብሪው ገጽ የሚወጣው ብርሃን ሲሆን፣ ሁለተኛው የመስተዋቱ አፍ ስፋት ነው። ማንኛውም መስተዋት ወይም ሌንስ የምንጩን ገጽ ከራሱ በላይ ሊያደምቀው አይችልም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 1 ሚሊ ሜትር አብሪ ያለው ባትሪ በመሐል 10,000 ካንዴላ ይሰጣል እንበል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአሜሪካ የእጅ ባትሪዎች መለኪያ ደረጃ መሠረት፣ የባትሪ ርቀት የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ እስከሚወርድበት ድረስ ስለሆነ ይህ ባትሪ 200 ሜትር ይደርሳል። አንድ ጠጋኝ «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ድንጋዩንና ኃይሉን ሳይለውጥ ባለ 2 ሚሊ ሜትር አብሪ ቢገጥምበት፣ ያው ኃይል በ4 እጥፍ ገጽ ላይ ስለሚበተን የእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ባትሪው 2,500 ካንዴላ ሰጥቶ በ100 ሜትር ይቆማል። ባለቤቱ በአጠገቡ ሰፊና ደማቅ ብርሃን ስለሚያይ የተሻሻለለት ይመስለዋል፤ ከበረቱ ማዶ ያለውን ግን ማየት አይችልም። የቀድሞው ርቀት እንዲመለስ የመስተዋቱ ዲያሜትር እጥፍ መሆን፣ ወይም ደግሞ ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ባትሪውን ያገዝፈዋል፤ ሁለተኛው ድንጋዩን በሩብ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ሙቀትንም ያመጣል።

6. ለምርጫ የሚረዱ ነጥቦች

ከዚህ በላይ የተገለጸው ትልቅ አብሪ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ሁሉም እንደ አገልግሎቱ ነው። ባልደረቦቻችን መብራት ሲሠሩ፣ ሲጠግኑ ወይም ለግዥ ሲመርጡ የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይበጃል።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት አገልግሎቱ ይታወቅ። እናትን ለሚያዋልድ የጤና ባለሙያ፣ ለሚያነብ ተማሪና ለወጥ ቤት ጥላ የማያበዛ ሰፊ ብርሃን ስለሚያስፈልግ፣ ትልቅ አብሪ ከጥልቀት የለሽ መስተዋት ወይም ከአደብዛዥ ሌንስ ጋር ተስማሚ ነው። ለዘብና ለከብት ጠባቂ ትንሽ ደማቅ አብሪ ከሰፊ ለስላሳ መስተዋት ጋር ይሻላል። በዓባይ ገደል አፋፍ ለሚጓዝ ሰው እግሩ ሥርም ወደፊትም መታየት ስላለበት መካከለኛው ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ የመስተዋቱ ገጽ ይታይ። 4 አብሪዎች በተደረደሩበት ምንጭ ላይ ለስላሳ መስተዋት ቢደረግ፣ በአብሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጨረሩ መሐል ጥቁር መስቀል ወይም ጨለማ ክብ ሆኖ ይታያል። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሸካራ ገጽ ያለው መስተዋት ጥቂት ርቀት ቀንሶ ይህን ጉድለት ያስወግዳል።

ሦስተኛ፣ ከሙሉ ፕላስቲክ የሚቀረጹት ሌንሶች የመሐሉን ብርሃን እንደ ተራ ሌንስ አጥፈው፣ የጎኑን ደግሞ በፍጹም ውስጣዊ ነጸብራቅ መልሰው ስለሚሰበስቡ ብርሃን አያባክኑም። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚሠራው ለተወሰነ አብሪ ነው። ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ ለትንሽ ጉልላት የተለካ ከሆነ ትልቁ አይገባበትም፤ በኃይል ቢጫኑት ጉልላቱ ይነቀላል። ከአክሪሊክ የተሠራው ደግሞ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ከትልቅ አብሪ ሙቀት ሊጠበቅ ይገባል፤ አብሪው ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት የሚለወጥ ነውና።

አራተኛ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚሳብ አንድ እብጥ ሌንስ ያላቸው ባትሪዎች በሚጠቡበት ጊዜ የአብሪውን አራት ማዕዘን ምስል ከሩቅ ያሳርፋሉ። በዚህ ሁኔታ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን በቱቦው ውስጥ ይቀራል። አብሪው ትልቅ በሆነ መጠን ያ አራት ማዕዘንም ይሰፋል።

አምስተኛ፣ ለክር አምፖል የተሠራን መስተዋት ለኤል.ኢ.ዲ. ማዋል ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአምፖሉ ክር ከመስተዋቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቀመጥ ነበር። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተጣበቀው አብሪ ግን ከቀዳዳው በታች ከቀረ ከትኩረቱ ነጥብ ይርቅና መሐሉ የጨለመ ቀለበት ይፈጥራል። ከዚህም በላይ ቀዳዳው ጉልላቱን ያለ ንክኪ ማሳለፍ፣ አብሪው በፕላስቲክ ቀለበት ልክ መሐል ላይ መዋል፣ የብረቱ መስተዋትም የአብሪውን የብየዳ ነጥቦች አለመንካት አለበት፤ ቢነካ ወረዳው በአጭሩ ይዘጋና መብራቱ ይቃጠላል።

በመጨረሻም የተሠራውን መለካት ነው። ባትሪውን ከ5 ሜትር ርቀት በግድግዳ ላይ አብርቶ በመሐሉ ያለውን ሉክስ ለክቶ በ25 ማባዛት ካንዴላውን ይሰጣል። 100 ሉክስ ከተገኘ 2,500 ካንዴላ፣ ርቀቱም 100 ሜትር ነው። በሳጥኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ከዚህ ጋር ማመሳከር ለአንድ ባለሙያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ ኤሌክትሪክን ለሁሉም ለማዳረስ ሲያልም፣ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ መንገዶች ለመሸፈን አቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ በዚያው በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። መስመሩ የደረሰበት ቤት እንኳ ከደጁ ሲወጣ በእጁ የሚይዘው መብራት አይቀርለትም። መስመሩ ላልደረሰበት ደግሞ ያ መብራት ንባቡም፣ ጥበቃውም፣ የወሊድ ብርሃኑም ነው።

ገበሬው ባትሪ የሚገዛው እህሉን ሸጦ ነው፤ በየጊዜው ድንጋይ የሚተካውም እንዲሁ። ሉመን ያበዛ ነገር ግን መስተዋቱ ያልተመጣጠነ መብራት ገንዘቡንና ድንጋዩን ይበላል፤ በሚያስፈልገውም ሰዓት የሚፈልገውን አያሳየውም። ስለዚህ በየከተማው የሚገኙ የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም የቴክኒክ መምህራንና የጥገና ባለሙያዎች፣ «ስንት ዋት ነው?» ለሚለው የገዢ ጥያቄ መልስ ከመስጠታቸው በፊት «ምን ልታይበት ነው? ከምን ያህል ርቀት?» ብለው መጠየቅን ልማድ ቢያደርጉ፣ ለአባላት በሚዘጋጁ የሥራ ላይ ትምህርቶችም የአብሪና የመስተዋት ምጣኔ አንድ ራሱን የቻለ ክፍል ቢሰጠው፣ ለሕዝቡ የሚሰጡት አገልግሎት ከፍ ያለ ይሆናል።